«ኖርማል» የተባለ ክሪያቲኒንና የሚጠራቀም ሴፌፒም፦ ችግሩና መፍትሔው

ምልክቱ፦ ሴፌፒም የተባለው አንቲባዮቲክ የተጀመረላቸው አንዳንድ አዛውንት ትኩሳታቸው ከበረደ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ በአራተኛው ቀን ግድም፣ ይቃዣሉ ወይም ይደነግዛሉ፤ እጃቸውን ሲዘረጉም መዳፋቸው ድንገት ይርገፈገፋል።

ምክንያቱ፦ ደጋግሜ የማገኘው አንድ ነው፤ ክሪያቲኒኑ (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው፣ በደም ምርመራ የሚለካ ቆሻሻ) በላቦራቶሪው «ኖርማል» ክልል ውስጥ ስለሆነ ብቻ ኩላሊታቸው ደህና ነው ተብሎ ሙሉ ዶዝ ታዟል። ክሪያቲኒን ከጡንቻ የሚመነጭ በመሆኑ፣ ሰውነቱ የከሳ ሰው ኩላሊቱ ቢዳከምም ቁጥሩ ዝቅ እንዳለ ይቆያል። 75 ዓመት የሆናቸው፣ 40 ኪሎ የሚመዝኑና ክሪያቲኒናቸው 1.1 ሚሊግራም በዴሲሊትር የሆነ እናት፣ በዕድሜ፣ በክብደት፣ በጾታና በክሪያቲኒን የኩላሊትን አቅም በሚገምተው የኮክሮፍትና ጎልት ቀመር ሲሰላ፣ ኩላሊታቸው የሚያጣራው በደቂቃ 28 ሚሊሊትር ያህል ብቻ ነው። በየ8 ሰዓቱ 2 ግራም ይሰጣቸው የነበረው ሴፌፒም በየ24 ሰዓቱ 2 ግራም መሆን ነበረበት። መድኃኒቱ በአብዛኛው ሳይለወጥ በሽንት የሚወጣ ስለሆነ፣ ትርፉ ይጠራቀምና አንጎልን ይጎዳል።

እንዲህ የሆኑ አንዲት እናት ልጃቸው «እማዬ፣ እኔ ማን ነኝ?» ስትላቸው ዝም ብለው ያዩአት ነበር፤ የነጠላቸውን ጥለት የያዙት ጣቶቻቸውም ይርገበገቡ ነበር። ስትሮክ ተጠርጥሮ ሲቲ ስካን ታዘዘ፤ ቤተሰቡም ገንዘብ ፍለጋ ወጣ። ካርዳቸውን ስገልጥ ግን ክብደታቸው እንኳ አልተጻፈም ነበር፤ ክብደት ሳይታወቅ ደግሞ ዶዙን በዚህ ቀመር ማስላት አይቻልም። ሴፌፒሙ ቆሞ በሌላ መድኃኒት ከተተካ በኋላ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ልጃቸውን በስሟ ጠሩ።

መፍትሔው፦ ሴፌፒሙን ማቆም፣ ጀርሙን በሚያጠፋ ሌላ መድኃኒት መተካትና የተተኪውንም ዶዝ ማስላት ነው። ድንዛዜው ካልለቀቀ፣ ሳያንቀጠቅጥ የሚጥል በሽታ ሊሆን ስለሚችል ኢኢጂ (የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚያሳይ ምርመራ) ይሠራ፤ በከባድ ሁኔታ ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) መድኃኒቱን ከደም ያወጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ ዶዝ የሚቀነሰው ከመጀመሪያው ዶዝ በኋላ ነው፤ የመጀመሪያውን መቀነስ በጽኑ የታመመን ሰው ያለ ሕክምና እንደመተው ይቆጠራል። ክሪያቲኒኑ በየቀኑ እየጨመረ ከሆነ ቀመሩ ኩላሊቱን ከእውነቱ የተሻለ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ የሽንቱ መጠን አብሮ ይታይ። ኩላሊቱ ሲያገግም ደግሞ ዶዙ ወዲያውኑ ከፍ ይበል፤ በተቀነሰበት ተረስቶ የሚቀር ትእዛዝ ኢንፌክሽኑን ሊያገረሸው ይችላል። የክሪያቲኒኑ ውጤት በማይክሮሞል በሊትር የመጣ እንደሆነ፣ ወደ ሚሊግራም በዴሲሊትር ለመለወጥ ለ88.4 ይካፈል።

ሴፍትሪያክሶን የተባለው ሌላ አንቲባዮቲክ ግን በሐሞትም ስለሚወጣ ለኩላሊት ድካም ብቻ ተብሎ አይቀነስም። በተቃራኒው፣ ከባድ አደጋ በደረሰባቸው ወጣቶች ላይ፣ ኩላሊት ከልክ በላይ ሊያጣራ ስለሚችል የተለመደው ዶዝ ሊያንስ ይችላል። ዲያሊሲስ በሚደረግበት ቀን የሴፌፒም ዶዝ ከእጥበቱ በኋላ ይሰጥ።