ያልተለመደ የጊታር ኮርድ ስም ሲወጣ የሚሠሩ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ ሠርግና የምሽት ሥራ ከሚሠራ ባንድ ጋር ጊታር እጫወታለሁ። ኮርድ ማለት አንድ ላይ የሚመቱ ኖታዎች ናቸው። ልምምድ ላይ ኪቦርዲስቱ ቀና ብሎ «ይቺ ኮርድ ማን ትባላለች?» ሲል፣ ጀማሪ ጊታሪስት ወዲያው ጣቶቹን ያይና የመጣለትን ስም ይናገራል። ብዙው ጥፋት የሚጀምረው ከዚያች ቅጽበት ነው።

ጣትን አይቶ ስም ማውጣት የመጀመሪያው ስህተት ነው። ባለፈው አንድ ጎበዝ ልጅ የኢ ሜጀርን ቅርጽ ይዞ አንድ ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ በብረት የተከፈለች አንድ ቤት) ወደ ላይ አንሸራተተ። ባሬ አላደረገም፣ ማለትም በአንድ ጣት ክሮቹን ሁሉ አልተጫነም፤ ክፍት ክሮቹን እንደተከፈቱ ተዋቸው። ከወፍራሙ ክር ስንቆጥር 0-3-3-2-0-0 ማለት ነው፤ ቁጥሩ የሚያዘው ፍሬት ነው፣ 0 ክፍት ክር፣ x ደግሞ የማይመታ ክር። ድምፁ ደስ የሚል ነበር፣ ሁላችንም ዞረን አየነው። ስሟን ስንጠይቀው «ኤፍ ናት» አለ። ኪቦርዱ ንጹሕ ኤፍ ሜጀር ሲመታ ያ ሁሉ ቀለም ጠፋ።

ወረቀት አውጡና እያንዳንዱ ክር የሚሰጠውን ኖታ ጻፉ፦ ኢ፣ ሲ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ፣ ኢ። የተደገመውን ሰርዙ። አምስት ኖታ ይቀራል፦ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ። እስኪ ቀስ ብላችሁ አንጎራጉሯቸው። ከኢ ተነሥታችሁ ኢ ላይ ካረፋችሁ አምባሰል ነው። ከኤ ተነሥታችሁ ኤ ላይ ካረፋችሁ ትዝታ ማይነር ነው። ልጁ ሳያውቀው አንድ ቅኝት ሙሉውን በአንድ ምት መትቶታል። የኮርዷ ስም ኤፍ ሜጀር ሰቨን ሻርፕ ኢለቨን ነው፤ ቤዟ (ከሁሉ ዝቅ ብሎ የሚሰማው ኖታ) ደግሞ ኢ።

ቤዙን ሳይጠይቁ ስም ማውጣት ሁለተኛው ነው። የጊታራችሁ ወፍራም ክር የባንዱ ቤዝ አይደለም፤ ቤዝ የሚጫወት ሌላ ሰው አለ። ሲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤን ስትመቱ እሱ ሲን ከያዘ ሲ ሲክስ ነው፣ ኤን ከያዘ ኤ ማይነር ሰቨን ነው። x-0-2-2-0-0 ብትይዙ ያላችሁ ኤ፣ ቢ እና ኢ ብቻ ነው። ቤዙ ኤ ላይ ሲሆን ኤ ሰስ ቱ፣ ኢ ላይ ሲሆን ኢ ሰስ ፎር ይባላል። ኤፍ ላይ ከወረደ ደግሞ ያችው የቅድሟ ኮርድ ተመልሳ መጣች፣ ሲዋ ብቻ ጎድላ። በአገራችን ሙዚቃ ላደገ ጆሮ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ አምባሰልንና ትዝታ ማይነርን የሚለያቸው ማረፊያቸው ነው ብለናል። ለኮርድም ማረፊያውን የሚነግራችሁ ቤዙ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። እባካችሁ «አድ ናይን» እና «ናይን» አንድ አይደሉም!

x-3-2-0-3-3 ሲ አድ ናይን ነው፦ ሲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ዲ። x-3-2-3-3-3 ሲ ናይን ነው። ልዩነቱ አንድ ክር ላይ ነው፤ ክፍት የነበረው የጂ ክር 3ኛው ፍሬት ላይ ሲያዝ ቢ ፍላት ይሆናል። ዝም ብሎ «ናይን» ከተባለ ያ ቢ ፍላት አብሮ ታዟል ማለት ነው። «አድ» ማለት ሰባተኛውን (እዚህ ቢ ፍላትን) ተወው፣ ዘጠነኛውን (ዲን) ብቻ ጨምር ማለት ነው። ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ አልቆጠርኩትም፣ ዛሬም የጊታሪስቶችን ደብተር ስገልጥ ሁሉም ቦታ «ሲ 9» ተጽፎ አገኛለሁ።

የምቆጣው እኔም ስላደረግኩት ነው። አንድ ጥር ደብረ ማርቆስ ሠርግ ነበረን። ኪቦርዲስታችን ታሞ በምትኩ አንድ ወጣት ይዘን ሄድን። ሚኒባስ ውስጥ ዳንግላን ካለፍን በኋላ ኮርዶቹን በብጣሽ ወረቀት ጻፍኩለት፤ ቸኩዬ «አድ» የምትለውን አስቀረኋት። ዘፈኑ ትዝታ ሜጀር ከሲ ነበር፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። ቢ ፍላት እዚያ ውስጥ ምንም ቦታ የለውም። ልጁ የተጻፈለትን በትክክል አንብቦ በሁለት እጁ መታው። ድምፃዊቷ ማይኩን ከአፏ አርቃ ዞራ አየችው። ከዚያ በኋላ ምሽቱን ሙሉ ልጁ ፈርቶ በሁለት ጣት ብቻ ተጫወተ። በእረፍት ሰዓት ወረቀቱን ተቀብዬ አረምኩና ጥፋቱ የኔ መሆኑን ድምፃዊቷ ባለችበት ነገርኩት፣ ይቅርታም ጠየቅኩት። አሁንም ሳስበው ያመኛል።

በነገራችን ላይ የትዝታ ሜጀርን አምስቱንም ኖታ አንድ ላይ ብትመቱ ሲ ሲክስ ናይን ይባላል። ያ ስም ምንም ሰባተኛ የለውም፣ ሳትፈሩ ስጡት።

ካፖ (ክሮቹን ሁሉ የሚጫን መቆንጠጫ) 2ኛ ፍሬት ላይ ካለ የጂ ቅርጽ የሚሰማው ኤ ሆኖ ነው። የሚሰማውን ተናገሩ። ለድምፃዊ ብላችሁ ጊታሩን ግማሽ ድምፅ ካወረዳችሁም ከኪቦርዲስቱ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ። እናንተ ስሙን ቀይራችሁ ስትነግሩት እሱ ደግሞ ትራንስፖዙን (የኪቦርዱን ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ቁልፍ) ተጭኖ ከሆነ ሁለት ጊዜ ወረደ ማለት ነው። አልቶ ሳክስ ያለበት ባንድ ውስጥ ከሆናችሁ የእናንተ ሲ በእሱ አጻጻፍ ኤ መሆኑን አትርሱ።

ዲሚኒሽድ ሰቨን የሚባለው ኮርድ አራቱም ኖታዎቹ ስም ሊሆኑት ይችላሉ፤ ቤዙ የያዘውን ውሰዱና እለፉ። የስልክ አፕ ለአንድ ኮርድ አራት አምስት ስም ይደረድራል፤ ቤዙ ምን እንደያዘ ግን አፑ አልሰማም።

ሌላው ረጅም ስም ካልነገርኩ ብሎ መድረቅ ነው። የሚጠይቃችሁ ሰው የሚፈልገው እጁን የት እንደሚያሳርፍ ነው። የኛ ኪቦርዲስት ያችን 0-3-3-2-0-0 ደብተሩ ላይ በስሟ አልጻፋትም። አምስቱን ኖታ ደርድሮ ከጎናቸው «አምባሰል ከኢ፣ ግራ እጅ ዝም» ብሎ በቀይ አስምሮበታል።