ረጅሙን ሐረግ አስቀድሞ መጻፍ፦ ማሰሪያው እስኪመጣ አንባቢ እንዳይደክም

በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ፣ ማለትም ዋናው ግሥ፣ በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ አንባቢ ባለቤቱንም ተሳቢውንም በአእምሮው ይዞ ይጠብቃል። ሸክሙን የሚያከብደው የቃላቱ ብዛት ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ስም ከግሡ የሚርቅበት ርቀትም ነው። ርቀቱ ደግሞ ይቆጠራል።

«ፀሐፊዋ ለዳኛው ትናንት ከችሎት በኋላ የተፈረመውን ደብዳቤ ሰጠችው።»

በ«ፀሐፊዋ» እና በ«ሰጠችው» መካከል 6 ቃላት አሉ፤ ከ«ለዳኛው» በኋላ 5፤ ከ«ደብዳቤ» በኋላ ምንም። ድምሩ 11 ነው። ረጅሙን ተሳቢ ከነገላጩ እናስቀድመው፦

«ትናንት ከችሎት በኋላ የተፈረመውን ደብዳቤ ፀሐፊዋ ለዳኛው ሰጠችው።»

አሁን 2፣ 1 እና 0፤ ድምሩ 3። አንድ ቃል እንኳ አልተጨመረም፣ አልተቀነሰም። የቋንቋ ተመራማሪዎቹ ሂሮኮ ያማሺታ እና ፍራንክሊን ቻንግ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ እንደ አማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ የሚመጣበት የጃፓንኛ ተናጋሪዎችም ረጅሙን ከአጭሩ የማስቀደም ዝንባሌ እንዳላቸው አሳይተዋል። ተሳቢው ከግሡ በኋላ በሚመጣበት በእንግሊዝኛ ግን ዝንባሌው ተቃራኒ ነው፤ አጭሩ ይቀድማል። ከእንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው ቅደም ተከተሉን እንዳለ ከገለበጠ አማርኛው የሚጎረብጠው አንድም በዚህ ነው።

ተሳቢው ሲቀድም «ን» እንዳትቀር። ከቀረች አንባቢ መጀመሪያ ያገኘውን ስም ባለቤት አድርጎ ይይዝና ግሡ ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ ተመልሶ ያነባል። የጊዜ ቃልም ከራሱ ግሥ አይራቅ፦ ትናንት የሆነው መስጠቱ ከሆነ «ለዳኛው ትናንት ሰጠችው» ይባል፤ አለዚያ አንባቢ የፊርማው ቀን ይመስለዋል።

ከሁሉም የሚከፋው የባለቤቶች መደራረብ ነው፦

«ዳይሬክተሩ መምህሯ ተማሪው ፈተናውን እንደደገመ እንዳወቀች ሰማ።»

3 ባለቤቶች ያለ ግሥ ተሰልፈዋል። መፍትሔው ከውስጠኛው መጀመር ነው፦

«ተማሪው ፈተናውን እንደደገመ መምህሯ እንዳወቀች ዳይሬክተሩ ሰማ።»

እያንዳንዱ ባለቤት ግሡን ወዲያው ያገኛል። የዐረፍተ ነገር ሰንሰለቱ ከዚህም ከረዘመ ሁለት ቦታ መክፈል ይሻላል።

ርዝመት ግን ብቻውን አይወስንም። ቀደም ሲል የተነሳ፣ አንባቢ የሚያውቀው ነገር አጭር ቢሆንም መቅደም ይችላል፤ በቀላሉ ይያዛልና። አጽንዖት የሚሰጠው ቃል ደግሞ ከግሡ ጎን መቀመጥ ይወዳል፦ «ደብዳቤውን ማን ፈረመው?» ሲባል «ማን» ግሡን ተጠግቷል፤ መልሱም «ደብዳቤውን ዳኛው ፈረመው» ነው።