በአሜሪካ የነዳጅ መሬት ባለሙያ ወይም ላንድማን እንዴት መሆን ይቻላል?

በኢትዮጵያ መሬትም ሆነ ከመሬት በታች ያለው ማዕድን የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፣ ነዳጅ የሚፈልግ ኩባንያ የሚዋዋለው ከመንግሥት ጋር ነው። በአሜሪካ ግን ብዙው የከርሰ ምድር ነዳጅና ጋዝ የግል ንብረት ሲሆን፣ ከላይ ያለው እርሻ የአንድ ሰው፣ ከሥሩ ያለው ማዕድን ደግሞ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ከቁፋሮ በፊት ባለመብቶቹን ከመዝገብ ፈልጎ የሚያገኘውና የሊዝ ውል፣ ማለትም ለኩባንያው በክፍያ የመቆፈር መብት የሚሰጥ ውል፣ የሚያስፈርማቸው ባለሙያ ላንድማን ይባላል። እኔ ሥራውን የተማርሁት በቴክሳስ ነው።

በመጀመሪያ ትምህርቱን ይምረጡ። ገና ኮሌጅ ያልገባ ሰው፣ ዋና ጽሕፈት ቤቱ በፎርት ወርዝ የሚገኘው የአሜሪካ የላንድማን ባለሙያዎች ማኅበር ዕውቅና የሰጣቸውን ፕሮግራሞች ይመልከት፤ የኦክላሆማና የቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲዎች ከእነዚህ መካከል ናቸው። በሌላ ሙያ ዲግሪ ያለው ሰው ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ከመክፈል ይልቅ የውልና የንብረት ሕግ ኮርሶችን ወስዶ የቀረውን ጊዜ የመሬት ሰነዶች በሚቀመጡበት በካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለ የአካባቢ አስተዳደር) መዝገብ ቤት ቢያሳልፍ ይሻለዋል።

ከባዱ ሥራ ያለው እዚያው መዝገብ ቤት ነው። መሬቱ መጀመሪያ ከመንግሥት ከወጣበት ሰነድ ተነሥተው እስከ ዛሬ ድረስ፣ በሻጮችና በገዢዎች ማውጫ እየተመሩ እያንዳንዱን ዝውውር ይመዝግቡ፦ ቀኑን፣ የሰጪውንና የተቀባዩን ስም፣ የመዝገቡን ቅጽና ገጽ፣ በተለይም ሻጩ ለራሱ ያስቀረውን የማዕድን ድርሻ። በኢንተርኔት የሚገኙት ማውጫዎች ጠቃሚ ቢሆኑም፣ ከየትኛው ዓመት እንደሚጀምሩ ሳያረጋግጡ አይመኑባቸው፤ የቆዩት ጥራዞች ብዙ ጊዜ አልገቡባቸውም። ባለመብት ሲሞት ድርሻው ያለ ሽያጭ ሰነድ ወደ ወራሾቹ ስለሚተላለፍ፣ የኑዛዜና የውርስ መዝገቦችንም ማየት ግድ ነው።

ከሁሉ በላይ የድርሻ አጻጻፍን በጥንቃቄ ያንብቡ። በጀማሪነቴ ዘመን ስለ 160 ኤከር መሬት በቀረበልኝ አንድ ሰነድ ላይ ሻጩ «ካለኝ የማዕድን ድርሻ እኩሌታውን» ይል ነበር። ሻጩ ራሱ የነበረው ግማሹ ብቻ ስለሆነ ገዢው ያገኘው 40 ኤከር ሲሆን፣ እኔ ግን «ካለኝ» የሚለውን ቃል አልፌ 80 ብዬ መዘገብሁ። ኩባንያው በእኔ ስሌት የሊዝ ገንዘብ ከፍሎ ካበቃ በኋላ የሕግ ባለሙያ ስሕተቱን አገኘው፤ ገንዘቡን የተቀበሉት አዛውንት ደግሞ ትርፉን እንዲመልሱ ተጠየቁ። ያ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ቃሉን ማንበብ ብቻም አይበቃም፤ ለምሳሌ በድሮ ሰነዶች «የ1/8 እኩሌታ» የሚል ሐረግ ሲገኝ፣ በዘመኑ የተለመደው ሮያልቲ (ባለመብቱ ከሚወጣው ምርት የሚያገኘው ድርሻ) 1/8 ስለነበረ፣ የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 በሰጠው ውሳኔ መሠረት ሌላ ማስረጃ ከሌለ 1/8 የሚለው የማዕድን መብቱን በሙሉ እንደሚወክል ይገመታል። ሒሳብ ብቻ የሚያውቅ ሰው 1/16 ይለዋል፤ ሕጉን የሚያውቅ ግን ከግማሽ ይነሣል።

ከዚህ በኋላ ወደ ማረጋገጫው ይሂዱ። ማኅበሩ ሬጅስተርድ ላንድማን፣ ሬጅስተርድ ፕሮፌሽናል ላንድማን እና ሰርቲፋይድ ፕሮፌሽናል ላንድማን የሚባሉ ሦስት ደረጃዎች አሉት። እነዚህ የመንግሥት ፈቃዶች ሳይሆኑ በፈቃደኝነት የሚወሰዱ ናቸው፤ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር የሚጠየቀው የሥራ ልምድ ይጨምራል። ስለዚህ የሠሩበትን ካውንቲ፣ ጊዜና የሥራ ዓይነት ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ይጻፉ፤ ከዓመታት በኋላ ከትዝታ መሰብሰብ እጅግ አድካሚ ነው። ማረጋገጫው በየ5 ዓመቱ የሚታደሰው በተከታታይ ትምህርት ነጥቦች ሲሆን ከእነዚህም መካከል የሥነ ምግባር ትምህርት ይገኝበታል፤ የእያንዳንዱን ሥልጠና ማስረጃ በዚያው ዕለት ፋይል ውስጥ ያስቀምጡት።