ስሙ አለ፣ ቤቱ የለም፦ የዲዲኤንኤስ ችግርና መፍትሄ

ስልኩ የጮኸው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ዋሽንግተን የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነበር፤ እዚያ ገና ከሥራ መውጫ ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ያለውን የእናቱን ግቢ በካሜራ ለማየት ሞክሮ እምቢ ብሎታል። «ካሜራው ተበላሽቷል፣ ነገ ሌላ ግዛልኝ» አለኝ። ካሜራው አልተበላሸም። ማታ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ራውተሩ አዲስ የአይፒ አድራሻ (ኢንተርኔት ላይ የሚገኝበት ቁጥር) ተሰጥቶታል፤ የካሜራው ስም ግን አሁንም የቀድሞውን አድራሻ ይናገር ነበር። ተከራይ ቤት ለቆ ከሄደ በኋላ እንግዳው የድሮውን በር ሲያንኳኳ እንደሚያመሸው ማለት ነው።

ለመኖሪያ ቤት የሚሰጥ የኢንተርኔት መስመር በአብዛኛው ቋሚ አድራሻ የለውም። ዲኤንኤስ የኢንተርኔት ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉም ነው፤ ዲዲኤንኤስ፣ ማለትም ተለዋዋጭ ዲኤንኤስ፣ የመጣው ለዚህ ነው፦ ቁጥሩ ቢለዋወጥም ስሙ አንድ ሆኖ ይቀጥላል። ሥራውን የሚሠራው ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ከዚህ በኋላ «አዳሹ» እለዋለሁ። ራውተሩ ውስጥ፣ የካሜራው መቅጃ ውስጥ ወይም እንደ ራስበሪ ፓይ ባለ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ሊሆን ይችላል። በየጥቂት ደቂቃው «አድራሻዬ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ተለውጦ ካገኘው እንደ ዳክ ዲኤንኤስ፣ ኖ-አይፒ ወይም ክላውድፍሌር ላለ አገልግሎት ያሳውቃል። ነገሩ ሲበላሽ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚፈርደው በእሱ ላይ ነው፤ አጥፍቶ እንደገና ሲጭነው ይውላል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ከሁሉ በፊት ሦስት ቁጥር

እኔ ሦስት ቁጥር ወረቀት ላይ ሳልጽፍ ምንም ነገር አልነካም።

የመጀመሪያው ራውተሩ ራሱ «አድራሻዬ ነው» የሚለው ነው። በብራውዘር የራውተሩን ገጽ ይክፈቱ፤ በብዙ ቤት 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው። «ዋን» (WAN) ወይም «ኢንተርኔት» በሚለው ሥር ያገኙታል። ሁለተኛው ዓለም የሚያየው ነው፦ ከቤቱ ዋይፋይ ሳይወጡ፣ የጎብኚውን አይፒ ከሚያሳዩት ድረ ገጾች አንዱን ከፍተው ያንብቡ። ሦስተኛው ስሙ የሚናገረው ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የትእዛዝ መስኮቱን ከፍተው ኤንኤስሉክአፕ (nslookup)፣ ቀጥሎ ስሙን፣ ቀጥሎ 8.8.8.8 ብለው ይጻፉ። 8.8.8.8 የጎግል የዲኤንኤስ ሰርቨር ነው፤ የቤትዎ ራውተር አስታውሶ ያስቀመጠውን አሮጌ መልስ እንዳይሰጥዎ በዚያ በኩል መጠየቁ ይሻላል።

ሦስቱ አንድ ከሆኑ ዲዲኤንኤስ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ በሩ ላይ ነው። ሁለቱ ተስማምተው ሦስተኛው ብቻ ከተለየ አዳሹን ይጠርጥሩ። አንደኛውና ሁለተኛው ከተለያዩ ግን አዳሹን ዓመት ሙሉ ቢያስተካክሉት አይጠቅምዎትም።

ስሙ የትናንቱን አድራሻ ይናገራል

በእኛ አገር ቀዳሚው ምክንያት መብራት ነው። መብራት ሲመጣ መቅጃውና ራውተሩ እኩል ይነሣሉ። መቅጃው ቀድሞ ይነቃል፤ ራውተሩ ገና መስመር ሳይዝ አዳሹ አንድ ጊዜ ይሞክራል፣ ያቅተዋል፣ ይተኛል። መፍትሄው ሲነሣ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን እየደጋገመ እንዲሞክር ማድረግ ነው። ሊኑክስ ላይ በክሮን (ሥራን በየሰዓቱ በሚያስነሣው ፕሮግራም) የሚያሠሩት ከሆነ በየ5 ደቂቃው ያድርጉት። ዲዲክላይንት የተባለው አዳሽ ከሆነ በማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ «ዴሞን» (daemon) በሚለው መስመር 300 ሰከንድ ብለው ይጻፉ።

እየሞከረ ካልተሳካለት ሎጉን፣ ማለትም አዳሹ የሠራውን የሚጽፍበትን መዝገብ፣ ያንብቡ። ብዙዎቹ አገልግሎቶች የሚመልሱት በአንድ ቃል ነው። «ጉድ» ቢልዎት አይደንግጡ፤ በእንግሊዝኛው ነው፤ አዲሱ አድራሻ ተመዝግቧል ማለት ነው። «ኖቸንጅ» (nochg) የላኩት አድራሻ ከተመዘገበው ጋር አንድ ነው ይላል። ጉዱ ያለው «ባድኦዝ» (badauth) ላይ ነው፦ የተጠቃሚ ስሙ ወይም የይለፍ ቃሉ ተሳስቷል። «ኖሆስት» (nohost) ደግሞ ስሙ በእርስዎ መለያ ሥር የለም ማለት ነው፤ አንድ ፊደል ተሳስቶ እንደሆነ ይመልከቱ። ዳክ ዲኤንኤስ ሲሳካ «ኦኬ»፣ ሳይሳካ ቃሉን ገልብጦ «ኬኦ» ይላል። ኬኦ ካለ ቶክኑን (አገልግሎቱ የሰጠዎትን የምስጢር ቁልፍ) እንደገና ከድረ ገጹ ገልብጠው ይለጥፉ፤ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ ክፍት ቦታ አብሮ ይገባል። ክላውድፍሌር ላይ ቶክኑ ትክክል ሆኖ ሥልጣን ሊያንሰው ይችላል፤ ለዚያ ዶሜይን የዲኤንኤስ መዝገብ የመለወጥ ፈቃድ ይስጡት።

ሎጉ ስለ ሰርተፍኬት (የአገልግሎቱን ማንነት ስለሚያረጋግጠው ዲጂታል ወረቀት) የሚያማርር ከሆነ ሰዓቱን ይዩ። ይህን የተማርኩት አንድ ግማሽ ቀን ካቃጠልኩ በኋላ ነው። የአንድ ሱቅ መቅጃ ነበር፤ ቶክኑ ልክ፣ ስሙ ልክ፣ መስመሩ ልክ፤ እድሳቱ ግን በፍጹም አይሄድም። በመጨረሻ የስክሪኑን ጥግ አየሁት፦ ዓመቱ 2017፣ ሰዓቱ ሦስት ከሩብ ይላል። ባለቤቱ የተቀዳውን ሲያዩ እንዲቀላቸው ቀኑንም ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር አስገብተውታል። መሣሪያው ግን የሚያውቀው የጎርጎርዮስን ብቻ ስለሆነ ራሱን ከዓመታት በፊት ያለ አድርጎ ቆጥሮታል፤ የአገልግሎቱ ሰርተፍኬት ደግሞ ለእሱ ገና ወደፊት የሚወጣ ወረቀት ነው፣ ስለዚህ አላምንም አለ። ቀኑን በጎርጎርዮስ፣ የሰዓት ክልሉን በዩቲሲ+3 (UTC+3) አስተካክለን፣ ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዲወስድ ኤንቲፒውን ስናበራው ወዲያው ሄደ። ባለቤቱ እስከ ዛሬ ስድስት ሰዓት እየቀነሱ ያነባሉ፤ አልወደዱትም። የውስጥ ባትሪው የሞተ መቅጃም ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ 1970 ወይም 2000 ይመለሳል።

አንድ ተንኮለኛ ሁኔታ ልጨምር። ዲዲክላይንት የመጨረሻ የላከውን አድራሻ በራሱ ማስታወሻ ፋይል ይይዛል። እርስዎ ድረ ገጹ ላይ ገብተው በእጅዎ ሌላ ቁጥር ቢጽፉ እሱ አያውቅም፤ «የቤቱ አድራሻ አልተለወጠም» ብሎ ዝም ይላል። ፕሮግራሙን አቁመው ያንን ማስታወሻ ፋይል ያጥፉና እንደገና ያስነሡት።

ሁሉ ልክ ሆኖ አሁንም አሮጌው ከታየ ትንሽ ይጠብቁ። እያንዳንዱ የዲኤንኤስ መልስ ስንት ሰከንድ እንደሚታወስ አብሮ ይነገራል፤ ዳክ ዲኤንኤስ 60 ሰከንድ ይላል፣ ሌላው አንድ ሰዓት ሊል ይችላል። ስሙን ገና ሳይፈጥሩት ጠይቀውት ከነበረ «የለም» የሚለው መልስም ይታወሳል።

ስሙ 192.168 የሚል አድራሻ ይናገራል

አዳሹ አድራሻውን ከመሣሪያው ከራሱ እንዲወስድ ተደርጓል። መሣሪያው የሚያውቀው የግቢ ውስጥ ቁጥሩን ነው፤ ከውጭ አገር ያንን የሚደውል ሰው የራሱን ሳሎን እየጠራ ነው። በማዋቀሪያው ውስጥ አድራሻውን ከኔትወርክ ካርዱ ሳይሆን ከድረ ገጽ ጠይቆ እንዲወስድ ያድርጉት።

ስሙ የማያውቁትን የውጭ አገር አድራሻ ይናገራል

ሁለት ተጠርጣሪ አለ። አዳሹ ያለበት ኮምፒውተር ቪፒኤን (ትራፊክን በሌላ ቦታ ባለ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ የተመሰጠረ መስመር) ከፍቶ ከሆነ «አድራሻዬ ስንት ነው?» ሲል የቪፒኤኑን አድራሻ ይነገረዋል፤ ያንኑ በታማኝነት ያስመዘግባል። አዳሹን ቪፒኤን ወደሌለበት መሣሪያ ያዛውሩት፤ ራውተሩ ራሱ ቢሠራው ይመረጣል። ሁለተኛው ክላውድፍሌር ነው፦ ከስሙ ጎን ያለው ደመና ብርቱካናማ ከሆነ ትራፊኩ በእነሱ በኩል ያልፋል፤ የሚታየውም የእነሱ አድራሻ ነው። ለድረ ገጽ ጥሩ ነው። ለካሜራ ምስል በፖርት (በመግቢያ በር ቁጥር) 554 ወይም ዋየርጋርድ ለሚባለው ቪፒኤን በ51820 የሚመጣውን ግን አያሳልፈውም። ደመናውን ግራጫ ያድርጉት።

አንደኛውና ሁለተኛው ቁጥር አይገጥሙም

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቀናት ያባክናል። ራውተሩ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ የሚጀምር አድራሻ ካሳየ ከሲጂናት ጀርባ ነዎት። ይህ የቁጥር ክልል እንደ ጎርጎርዮስ በ2012 በአርኤፍሲ 6598 ለዚሁ ሥራ ብቻ የተለየ ነው። የአይፒቪ4 አድራሻዎች ስላለቁ አገልግሎት ሰጪዎች ለብዙ ደንበኛ አንድ የውጭ አድራሻ ያካፍላሉ። ኮንዶሚኒየም ያስቡ፦ የሕንፃው በር አንድ ነው፣ ጥበቃውም የእርስዎ ሠራተኛ አይደለም። ከውስጥ መውጣት ይችላሉ፤ ከውጭ የመጣ እንግዳ ግን የሕንፃውን ቁጥር ብቻ ይዞ የእርስዎን ቤት ሊያገኝ አይችልም። ዲዲኤንኤሱ የሕንፃውን ቁጥር በትክክል ሊናገር ይችላል፤ ጥቅም የለውም። በተለይ ሲም ካርድ የሚገባባቸው የ4ጂ ራውተሮች ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ሁለት መውጫ አለ። አንዱ አገልግሎት ሰጪውን «ፐብሊክ አይፒ» ብሎ መጠየቅ ነው፤ በዚህ ቃል ይጠይቁ፣ «ኢንተርኔቱ አይሠራም» ካሉ ራውተሩን አጥፍተው እንዲያበሩ ይነገርዎታል። ሌላው ከውስጥ ወደ ውጭ የሚዘረጋ መስመር ነው፦ ቴይልስኬል፣ የክላውድፍሌር ተነል ወይም የካሜራው አምራች በኪውአር ኮድ የሚያገናኘው አገልግሎት። በዚህ መንገድ ከሄዱ ዲዲኤንኤሱን ጨርሰው ይተዉት። በነገራችን ላይ ቴይልስኬልም ለመሣሪያዎቹ የሚሰጠው ከዚሁ ከ100.64 ክልል ነው፤ እሱን አይተው ሲጂናት መስሎዎት አይሸበሩ። መታየት ያለበት የራውተሩ የዋን ገጽ ነው።

የዋን ገጹ 192.168 ወይም 10 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ካሳየ ቤትዎ ውስጥ ሁለት ራውተር ተደራርቦ እንደሆነ ይዩ፤ ከአገልግሎት ሰጪው የመጣው ሣጥን ላይ የራስዎን ሰክተዋል። የመጀመሪያውን ወደ ብሪጅ (መስመሩን ብቻ ወደሚያሳልፍበት አሠራር) ይቀይሩት።

ሦስቱም ገጥመዋል፣ በሩ ግን አይከፈትም

መጀመሪያ ከቤት ዋይፋይ ወጥተው በሞባይል ዳታ ይሞክሩ። ብዙ ራውተሮች ከውስጥ ሆነው የራስዎን የውጭ አድራሻ ሲጠሩ መልሰው ማስገባት አይችሉም፤ ከውጭ የሚሠራ ነገር ከሳሎን ሆኖ ሲታይ የተበላሸ ይመስላል።

ከውጭም ካልከፈተ ፖርት ፎርዋርዲንጉን፣ ማለትም ከውጭ የመጣውን ወደ ቤት ውስጥ መሣሪያ የሚመራውን ደንብ፣ ያንብቡ። ደንቡ ፖርቱን ወደ 192.168.1.20 ይልካል እንበል፤ መቅጃው ግን ከመብራቱ በኋላ 192.168.1.23 ሆኗል። ለቤት ውስጥ መሣሪያዎች ቁጥር በሚያድለው በራውተሩ የዲኤችሲፒ ገጽ ላይ የመቅጃውን ማክ አድራሻ (የመሣሪያውን የራሱን መለያ) ከአንድ ቁጥር ጋር ያሥሩት፤ ዳግመኛ አይንቀሳቀስም። ፖርት 80 ከሆነ አገልግሎት ሰጪው ዘግቶት ይሆናል፤ በውጭ በኩል ሌላ ቁጥር ሰጥተው ይሞክሩ።

አንድ ወር ሠርቶ ጸጥ አለ

ኖ-አይፒ ላይ ነጻ ስም ከያዙ በየ30 ቀኑ «አሁንም እጠቀማለሁ» ብሎ ማረጋገጥ ይጠበቅብዎታል። ማሳሰቢያው በኢሜይል ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ነው።

ሎጉ «አቢዩዝ» (abuse) ይላል

አድራሻው ሳይለወጥ ያለ ዕረፍት እየላኩ አስቸግረዋል፤ ስሙ ታግዷል። መጠየቁን በየ5 ደቂቃው ይጠይቅ፤ መላኩ ግን ሲለወጥ ብቻ ይሁን። አዳሹን አቁመው፣ አስተካክለው፣ ከዚያ እገዳው እንዲነሣ ይጠይቁ። ሁለት ቦታ፣ ራውተሩም መቅጃውም ላይ፣ አንዱን ስም የሚያድስ ካለ አንዱን ያጥፉት።

ካሜራውን ክፍት አድርገው ከመተውዎ በፊት

ስሙ ሠርቶ፣ ፖርቱ ተከፍቶ፣ የመቅጃው የይለፍ ቃል ከፋብሪካ እንደወጣ ከሆነ ግቢዎን የሚያዩት ዘመዶችዎ ብቻ አይሆኑም፤ የተከፈቱ ፖርቶችን ሌት ተቀን የሚቃኙ ፕሮግራሞች አሉ። ለአክስቴ ልጅ የካሜራውን ፖርት ዘጋሁና የዋየርጋርድን ብቻ ከፈትኩለት፤ ዲዲኤንኤሱ አሁን የሚያገለግለው ለዋየርጋርዱ ነው። ስልኩ ላይ አንዲት ቁልፍ ይነካል፣ እናቱ ግቢ የገባ ያህል ይሆናል። ባለፈው ሳምንት የደወለልኝ ውሻው ለምን እንደከሳ ሊጠይቀኝ ነው።