የመጻሕፍት ፌስቲቫል ላይ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን መሪ ሲሆኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ የመጻሕፍት ፌስቲቫል ሲታሰብ የቡድን መሪ ተብሎ የሚመደበው አብዛኛውን ጊዜ ባለፈው ዝግጅት ላይ ጠዋት ገብቶ ማታ የወጣ፣ ሲጠሩት አቤት የሚል፣ ሮጦ የማይደክመው ወጣት ነው። ሮጦ መሥራት ግን አንድ ነገር፣ ሰው ማሠራት ሌላ ነገር ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች የሚታዩት በዕለቱ ቢሆንም አብዛኞቹ የሚሠሩት ከሁለት ሳምንት በፊት ነው።

ካርቶን መሸከም

መጻሕፍት የጫነው አይሱዙ በር ላይ ሲቆም መሪው እጅጌውን ሰብስቦ ይገባበታል። በዚያው ሰዓት መግቢያው ላይ ተማሪ የጫኑ ሁለት አውቶቡሶች ይደርሳሉ፣ እንግዳው ደራሲ የሚቀመጥበት ወንበር ይጠፋል፣ አንዷ ሻጭ ዝርዝር ብር አልቆባት ትጣራለች። ሁሉም የሚፈልጉት ሰው ካርቶን ታቅፎ ደረጃ ላይ ነው። የመሪ እጅ ባዶ መሆን አለበት፤ ቢበዛ ስልክና አንድ ደብተር ይያዝ። (ትሕትና ነው ብለው የሚከራከሩ አሉ። በሦስተኛው ቀን ወገባቸውን ይጠይቋቸው።)

የሸክሙን ሒሳብ አስቀድመው ይሥሩት። በካሬ ሜትር 80 ግራም በሚመዝን ወረቀት የታተመ፣ 200 ገጽ ያለው ኤ5 (የኤ4 ግማሽ) መጽሐፍ ከነሽፋኑ ወደ 265 ግራም ይመዝናል። 80 ቅጂ የታጨቀበት ካርቶን እንግዲህ 21 ኪሎ አለፈ ማለት ነው። አንድ አሳታሚ 30 ካርቶን ቢያመጣ ከ6 ኩንታል በላይ ይሆናል፤ ይህን ሁለት ልጅ አያወርደውም። አሳታሚዎች በ40 ቅጂ እንዲያሽጉ ከሁለት ሳምንት በፊት ቢጠይቁ እያንዳንዱ ካርቶን ከ11 ኪሎ በታች ስለሚሆን አንድ ሰው ብቻውን ይይዘዋል። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ስለሆነ ከቆላ የመጣ ፈቃደኛ በመጀመሪያው ቀን ቶሎ ያለከልካል፤ እሱን ከሸክም ይልቅ መረጃ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት።

ቦታውን በሞቀ ፀሐይ ብቻ ማየት

ብዙዎች ግቢውን የሚጎበኙት እኩለ ቀን ላይ ነው። ያኔ ሁሉም ቦታ ያምራል። መሄድ የሚገባዎት ሁለት ጊዜ ነው፦ ጠዋት 1፡00 ላይ ጥላው የት እንደሚወድቅ ለማየት፣ ከዚያም ከሰዓት 9፡00 አካባቢ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ጠዋት ጥላ ውስጥ የተቀመጠ ሻጭ እስከ 4፡00 ድረስ እጁን ከጋቢው አያወጣም። ብርዱ ሰውን ብቻ አይደለም የሚጎዳው። ዛሬ አብዛኛው ባለ ለስላሳ ሽፋን መጽሐፍ የሚጠረዘው በሙቀት በሚቀልጥ ሙጫ ነው፤ ይህ ሙጫ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል። ሌሊቱን ድንኳን ውስጥ ያደረ መጽሐፍ ጠዋት በጉልበት ወለል ተደርጎ ሲከፈት ጀርባው ቀጭ ብሎ ይሰነጠቃል፣ ቅጠሉም ይነቀላል። ስለዚህ መጻሕፍቱ ቤት ውስጥ ይደሩ። ግድ ድንኳን ውስጥ ካደሩም ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ባለ አግዳሚ ወይም የእንጨት ርብራብ ላይ ሆነው ላስቲክ ይልበሱ። ለማሳያ የሚሆን አንድ ቅጂ ብቻ አውጥተው ፀሐይ ሲነካው ቢከፍቱት ይሻላል።

ድንኳኑ አስፋልት ወይም ኮብልስቶን ላይ የሚተከል ከሆነ ካስማ አይገባም። ለእያንዳንዱ እግር ውሃ የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሰሩ፤ አንዱ 20 ኪሎ ነው። የተለመደው ስህተት ጀሪካኑን እግሩ አጠገብ ማስቀመጥና ገመዱን ማላላት ነው። ነፋሱ ድንኳኑን የሚያነሣው ከላይ ስለሆነ ገመዱ ከጣሪያው ማዕዘን ወርዶ ተወጥሮ መታሰር አለበት። ነፋሱ ከበረታ የጎን ሸራዎቹን ያስወልቁ፤ ሸራው ነፋስ ሲሞላው ድንኳኑ ሄደ ማለት ነው።

ሰዓትን ያለ ማብራሪያ መናገር

«በ8 ሰዓት እንገናኝ» የሚል መልእክት ለአንዱ ከምሳ በኋላ፣ ከውጭ ለመጣ እንግዳ ደግሞ ጠዋት ነው። «ከቀኑ 8፡00፣ በኢትዮጵያ ሰዓት» ብለው ይጻፉ፤ ቀኑንም ከነወሩ።

ከሸዋ ሮቢትና ከደብረ ሲና የሚመጡትን በተመለከተ ሌላም ነገር አለ። ጣርማ በር ላይ ጉም ከወረደ መኪና እየዳበሰ ነው የሚያልፈው። ከዚያ አቅጣጫ የሚመጣን የተማሪ ቡድን ለመጀመሪያው መርሐ ግብር አይመድቡት፤ ለ5፡00 ይመድቡትና ቀድሞ ከደረሰ ደስ ይበልዎ።

ስምንት ሰው ሲያስፈልግ ስምንት ሰው መመዝገብ

ፈቃደኛ ደመወዝ የለውም፤ ፈተና፣ ለቅሶ፣ ሠርግ ይገጥመዋል። ለስምንት ቦታ አሥር ሰው ይያዙ። በአንድ ጊዜ የሚሠራው ሰው ከስምንት በላይ ከሆነ ቡድኑን ለሁለት ከፍለው ለሁለተኛው ምክትል ይስጡ፤ አንድ መሪ አሥራ አምስት ሰው በዓይኑ ሊከተል አይችልም። ፈረቃው ሦስት ሰዓት ይሁን፣ በመካከሉ 20 ደቂቃ ዕረፍት ይኑረው፣ ተረኛው ከመውጣቱ 15 ደቂቃ በፊት ተተኪው ይድረስ። ያቺ 15 ደቂቃ ናት «ያ ሰውዬ ቦርሳውን እዚህ ትቶ ሄዷል፣ ሲመለስ ስጡት» የሚባለው የሚተላለፍባት።

የፈረቃውን ሰንጠረዥ ሲያወጡ የቀን መቁጠሪያውን ከጎንዎ ያድርጉ። ሙስሊም ፈቃደኞች ዓርብ ከ6፡30 እስከ 8፡00 ጁምዓ አላቸው። ረቡዕና ዓርብ ምሳው የጾም ይሁን፤ «ከቀረበው ላይ ሥጋውን ትተሽ ብዪ» የሚባል መልስ ሰውን ያስቀይማል። ወር በገባ በ7 የሥላሴ ቀን ነው፤ በተለይ ጥር 7 ከተማው ውስጥ መንገዱም ሰዉም ወደዚያ ስለሚያደላ፣ ያን ቀን ጠዋት ለከባድ ሥራ የሚቀጥሩት ሰው አያገኙም።

መመሪያን በቴሌግራም ብቻ መላክ

ኔትወርክ ሲጠፋ መመሪያውም አብሮ ይጠፋል። አንድ ገጽ ያትሙ፦ የግቢው ንድፍ፣ የአምስት ሰዎች ስልክ፣ የመጠጥ ውሃና የመጸዳጃ ቤት ቦታ፣ መውጫ በሮች፣ እርስዎ በሌሉበት ማን እንደሚወስን። የመጨረሻዋን መስመር ብዙ ሰው ይዘላታል። መሪው ምሳ በበላበት ግማሽ ሰዓት ሁሉም «እሱ ይምጣ» እያለ ሲጠብቅ የሚታየው ለዚህ ነው።

ገንዘብን «ይተዋወቃሉ» ብሎ መተው

ጠዋት የመጀመሪያው ገዢ ሁለት መቶ ብር አውጥቶ የ120 ብር መጽሐፍ ይገዛል። ሻጩ 80 ብር የለውም። ፈቃደኛው ዝርዝር ፍለጋ ወደ ሱቅ ይሮጣል፣ ገዢው ይሄዳል። ለእያንዳንዱ የሽያጭ ጠረጴዛ 2,000 ብር ዝርዝር ከዋዜማው ጀምሮ ይዘጋጅ፦ 20 ባለ 50፣ 60 ባለ 10፣ 80 ባለ 5 ብር። ሰጪና ተቀባይ ፈርመው ይረካከቡት፤ ማታ ሲቆጠርም መጀመሪያ ይህ 2,000 ብር ተነሥቶ ይቀመጣል፣ የቀረው ነው የቀኑ ሽያጭ።

የባሰው ችግር በስልክ የሚከፈለው ላይ ነው። ገዢው የራሱን ስልክ ያሳያል፣ ስክሪኑ ላይ «ተልኳል» ይላል፣ ሻጩም መጽሐፉን ይሰጣል። ያ ምስል የትናንት ሊሆን ይችላል፣ የተቀየረም ሊሆን ይችላል። ደንቡ አንድ ነው፦ የቴሌብርም ሆነ የባንክ ክፍያ የሚታየው በሻጩ ስልክ ላይ ነው፤ የገንዘቡ መጠን፣ ሰዓቱና የግብይት ቁጥሩ ይታያል። መልእክቱ ካልገባ መጽሐፉ የገዢው ስም በብጣሽ ወረቀት ላይ ተጽፎበት ጠረጴዛው ሥር ይቆያል። ይህን ለገዢ በትሕትና ለማስረዳት አንዲት ዓረፍተ ነገር ለፈቃደኞችዎ ያስጠኗቸው፤ «ኔትወርኩ እያዘገየብን ነው፣ መልእክቱ እስኪገባ ሻይ ይጠጡልን» ትበቃለች። ፈቃደኛ በራሱ ሒሳብ ቁጥር ገንዘብ መቀበል የለበትም፣ «ለጊዜው» ተብሎም ቢሆን።

የፊርማውን ሰልፍ ለደራሲው መጣል

ይህን ስህተት የሚያውቀው ተሰልፎ የቆመ ሰው ነው። አንዲት ሴት መጽሐፉን ትዘረጋለች። «ስም?» ይላል ደራሲው። «ዓለምፀሐይ»። ብዕሩ አየር ላይ ይቆማል። በዓይኑ «ዓ» ወይስ በአልፋው «አ»? በ«ፀ» ወይስ በ«ጸ»? በ«ሐ» ወይስ በ«ሃ»? ድምፁ አንድ፣ ፊደሉ ብዙ ነው። ደራሲው በግምት ይጽፋል፣ እሷ ቅር ይላታል፣ መጽሐፉ ላይ መሰረዝ አይቻል። ኃይሉ፣ ሠናይት፣ ዐቢይ፣ ጸጋዬም እንደዚሁ።

መፍትሔው ብጣሽ ወረቀት ነው። ሰልፉ መካከል ላይ አንድ ፈቃደኛ ይቆማል፣ ባለመጽሐፉ ስሙን በራሱ እጅ በትልልቁ ይጽፋል፣ ወረቀቷ ደራሲው በሚፈርምበት ገጽ ውስጥ ትገባለች፣ ጫፏ ትንሽ ወጣ ብሎ። ስም መጠየቁ ይቀራል፣ የሚተርፈው ጊዜ ለጨዋታ ይሆናል። ሁለተኛ ፈቃደኛ ከሰልፉ ጫፍ ይቆምና ደራሲው ከመነሣቱ 20 ደቂቃ በፊት «ከእርስዎ በኋላ ሰው አይሰለፍም» ይላል። ይህ ካልተደረገ አንድ ሰዓት ቆሞ ተራው ሊደርስ ሲል የሚመለስ ሰው ይኖራል፤ እሱም ወደ ደራሲው ሳይሆን ወደ እርስዎ ነው የሚመጣው።

«አንተ» ማለት

የሃያ ዓመት ፈቃደኛ ከጓደኞቹ ጋር የለመደውን «አንተ» ለሽማግሌም ይጠቀምበታል። ለማያውቁት አዋቂ ሁሉ «እርስዎ»፤ ለካህን «አባ»፣ ለቅኔ ወይም ለዜማ መምህር «የኔታ» ወይም «መሪጌታ»። በዕድሜ ገፋ ያሉትን ገጠሬዎች «ጋሼ»፣ «እትዬ» ብሎ እጅ ነሥቶ ወንበር ማቅረብ ነው። ከቡድኑ ውስጥ ቢያንስ አንድ ኦሮምኛ የሚችል ሰው ይኑር፤ ከሸኖና ከአካባቢው የሚመጣ ወላጅ ልጁን በየትኛው በር እንደሚያስገባ በአፉ ቢነገረው ይቀለዋል።

የጠፋ ልጅን ስም በድምፅ ማጉያ መጥራት

አሳብነቱ መልካም ነው፤ ሥራው ግን አደገኛ። «አረንጓዴ ሹራብ የለበሰ፣ ስሙ እንትና የሚባል ልጅ» ሲባል ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ስሙን አወቀ፤ ማንም ቀርቦ በስሙ ጠርቶ «አባቱ ነኝ» ሊል ይችላል። በማጉያው የሚነገረው «ልጅ የጠፋበት ወላጅ ወደ መረጃ ጠረጴዛ ይምጣ» ብቻ ነው። የልጁን ስም፣ ልብስና ዕድሜ የሚናገረው ወላጁ ይሁን። ከልጁ ጋር ሁልጊዜ ሁለት ሰው ይቀመጥ፣ ሰው በሚያየው ቦታ። ልጁን ይዞ ወላጅ ፍለጋ መዞር ክልክል ነው፤ ወላጁም በሌላ አቅጣጫ እየዞረ ነውና።

የትምህርት ቤት ቡድኖች በ40 ልጅ፣ በ45 ደቂቃ ይግቡ። በር ላይ ሲገቡ ይቆጠሩ፣ ሲወጡም በዚያው በር ይቆጠሩ። መምህሩ ያመጣውን ቁጥር አይመኑ፤ እሱ ራሱ አውቶቡስ ላይ ነው የቆጠረው።

ጄኔሬተሩን አዳራሹ ጥግ ማስቀመጥ

መብራት ሊጠፋ እንደሚችል ሁሉም ያውቃል፣ ጄኔሬተርም ይመጣል። ብርድ ነው ተብሎ ግን በረንዳ ላይ ወይም በር ሥር ይቀመጣል። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ሰው ይገድላል። ከማንኛውም በርና መስኮት ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ፣ ጭሱ የሚወጣበት ወገን ወደ ሜዳው ይዙር። ነዳጅ የሚጨመረው ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

የአካባቢውን ደራሲዎች አለማወቅ

ጎብኚ መረጃ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ «ከዚህ አገር ማን ደራሲ ወጣ?» ይላል፣ ፈቃደኛው ደግሞ አንገቱን ይሰብራል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የመርሐቤቴ ሰው ናቸው፤ ከበደ ሚካኤል የተወለዱት መንዝ ነው። እነዚህን ሁለት ስሞች ፈቃደኛው ሁሉ ይወቃቸው፣ መጻሕፍታቸው የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንዳለም ጠዋት ይጠይቅ። የማያውቀውን ሲጠየቅ በግምት አቅጣጫ አይጠቁም፤ «ልጠይቅልዎ» ብሎ አብሮ ይሂድ።

ሳይረካከቡ መበተን

በመጨረሻው ምሽት ሁሉም ደክሟል፣ ጨዋታው ደርቷል፣ ካርቶን እየተወረወረ ይታሸጋል። ከሳምንት በኋላ አሳታሚው ይደውላል፦ «12 ቅጂ ጎድሎብኛል»። መጽሐፉ ሲገባ የተሞላው ቅጽ ሦስት ቅጂ ሊኖረው ይገባል፤ አንዱ ለአሳታሚው፣ አንዱ ለአስተባባሪው፣ አንዱ ጠረጴዛው ላይ። በቅጹ ላይ ርእስ፣ የገባው ብዛት፣ ዋጋ፣ ቅናሽ፣ የተሸጠ፣ በስጦታ የወጣ፣ የተመላሽ ብዛት ይኖራል። በብዛት የምትረሳው «በስጦታ የወጣ» የምትለዋ ናት። ለእንግዳ የተበረከተ፣ ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የተሰጠ፣ ለጋዜጠኛ የታደለ መጽሐፍ በወጣበት ሰዓት ካልተጻፈ ማታ ማንም አያስታውሰውም፤ እነዚያ 12 ቅጂዎች ብዙውን ጊዜ የሚገኙት እዚያ ነው። ቆጠራውን አሳታሚው ባለበት፣ ካርቶኑ ከመታሸጉ በፊት ያድርጉት፤ ካርቶኑ ላይ የቅጂውን ብዛት በማርከር ጽፈው ሁለታችሁም ፈርሙበት።