ቤዙ የት ገባ? የቤዝ ኤርፎን ችግርና መፍትሄ

ቤዙ ይመታል ተብሎ የተገዛ ኤርፎን ጆሮ ውስጥ ሲገባ ድምፁ ቀጥኖ ቢገኝ፣ ወይም ከሌላ ጋር ሲወዳደር ዛሬ ይህ ነገ ያኛው የሚበልጥ ቢመስል፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኤርፎኑ ሳይሆን ጫፉ ላይ የሚለብሰው ጎማ ነው። ኢን-ኢር ሞኒተር የሚባሉት፣ ጆሮ ውስጥ ዘልቀው የሚገቡት ኤርፎኖች፣ ቤዝ የሚሰጡት በስፒከሩና በጆሮ ታምቡር መካከል የታሰረችውን ጥቂት አየር እየገፉና እየሳቡ ነው። አየሯ ማምለጫ ካገኘች ግፊቱ ይፈሳል፤ የሚፈሰውም ከታች ጀምሮ ነው። ድምፃዊውና ሲምባሉ እንዳሉ ሆነው ወፍራሙ ድምፅ ብቻ ይሟጠጣል። "ይሄ ኤርፎን ቤዝ የለውም" የሚሉ ብዙ ፍርዶች ስለ ጎማው እንጂ ስለ ኤርፎኑ የተሰጡ አይደሉም።

ቤዝ የለውም፣ ድምፁ ቀጭን ነው

ሙዚቃው እየተጫወተ ሁለቱንም ጎን በጣት ቀስ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ግፉ። ቤዙ ድንገት ከመጣ ምክንያቱ ታወቀ፦ አየር እያመለጠ ነው።

መፍትሄው ከጎማው መጠን ይጀምራል። ከሳጥኑ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ይወጣል፤ አብዛኛው ሰው ግን ተገጥሞ የመጣውን መካከለኛ እንዳለ ይዞ ሌሎቹን ይጥላል። አትጣሉ። ትልቁን ሞክሩት። ትልቅ ያማል ብሎ መፍራት ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። ትንሹ ጎማ አልዘጋ ሲል ሰው አጥብቆ ይገፋዋል፤ ያኔ ጎማውን የሚለብሰው የኤርፎኑ ጠንካራ አንገት ከጆሮ ቦይ ጋር ይጋጫል፣ ሕመሙም የሚመጣው ከዚያ ነው። በሌላ በኩል ጎማው ለቦዩ ከበዛ ጠርዙ ይታጠፋል፣ አየሩም በእጥፋቱ በኩል ይወጣል። ስለዚህ ካወጣችሁት በኋላ ጎማውን እዩት፤ የታጠፈ መስመር ካለበት አንድ መጠን ውረዱ።

አገባቡም ለውጥ ያመጣል። የግራውን ስታስገቡ ቀኝ እጃችሁን ከራሳችሁ ጀርባ አዙራችሁ የግራ ጆሯችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡ፤ ቦዩ ይቃናል። ኤርፎኑን አስገቡ፣ ትንሽ አዙሩት፣ ጆሮውን ልቀቁ። ከስፖንጅ የተሠራ ጎማ ከሆነ ደግሞ በጣት አድቅቃችሁ አስገቡትና ተመልሶ እስኪነፋ ግማሽ ደቂቃ ያህል ደግፋችሁ ያዙት። ሲሊኮን የሚያስቸግረውን ጆሮ ብዙውን ጊዜ ስፖንጅ ይዘጋዋል። ጉዳቱ ትሬብሉን (ቀጭኑን ድምፅ) ትንሽ ማለዘቡና ቶሎ ማርጀቱ ነው።

አንዳንዴ ጎማ መቀያየር አይበቃም። በ2022 ከገምጋሚው ክሪናክል ጋር ተባብሮ የወጣው ትሩዝኢር ዜሮ ጥሩ ምሳሌ ነው። በውስጡ ባለ 10 እና ባለ 7.8 ሚሊሜትር ሁለት ስፒከሮች አሉት፤ ዋጋውን ሲያስቡት ዝቅተኛው ቤዝ የሚያስገርም ነው። አንገቱ ግን ወፍራም ነው። ጠባብ ቦይ ያለው ሰው ትንሹን ጎማ አልብሶት እንኳ በቂ ያህል ላያስገባው ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ጆሮ ስስ ግድግዳ ያለው ጎማ አንዴ ይሞከር፤ ካልሆነ ለጎማ ገንዘብ መጨመር ትቶ አንገቱ ቀጭን የሆነ ኤርፎን መፈለግ ይሻላል። ለማይገባ ኤርፎን ሌላው ሰው የጻፈው ምስጋና ምንም አይጠቅምም።

ቤዙ የሚጠፋው ስታወሩ፣ ስታኝኩ ወይም ስትዘምሩ ብቻ ከሆነ ምክንያቱ መንጋጋ ነው። አፍ ሲከፈት የጆሮ ቦይ ቅርጹን ይለውጣል፣ ጎማውም ይላቀቃል። ቤት ውስጥ ለሚያዳምጥ ይህ ቀላል ነገር ነው፤ መድረክ ላይ ለሚዘምር ግን ድምፁን ከፍ በሚያደርግባት ቅጽበት ቤዝ ጊታሩ ይጠፋበታል ማለት ነው። ረዘም ያለ የስፖንጅ ጎማ ይረዳል። በጆሮ ልክ የሚቀረጽ ሞኒተር ለማሠራት የሚያስብ ድምፃዊ ደግሞ ቅርጹ ሲወሰድ አፉን ከፍቶ፣ በጥርሱ መሃል ማገጃ ነክሶ መሆኑን አስቀድሞ ይጠይቅ።

አንዱ ጎን ይመታል፣ ሌላው ዝም ይላል

ከ200 ኸርዝ ወደ 20 ኸርዝ ቀስ እያለ የሚወርድ የሙከራ ቃና ፈልጋችሁ በዝቅተኛ ድምፅ ክፈቱ (የኸርዙ ቁጥር ባነሰ መጠን ድምፁ ይወፍራል)። ሁለቱም ጎን በደንብ ከተዘጋ ቃናው እስከ ታች ድረስ መሃል ራስ ላይ ይቆያል። እየወረደ ሲሄድ ወደ ቀኝ ከሸሸ የሚያፈሰው ግራው ነው። የሰው ሁለት ጆሮ እኩል መሆን የለበትም፤ በግራ መካከለኛ፣ በቀኝ ትልቅ ጎማ አድርጎ መጠቀም የተለመደ ነው።

በጎማ ካልተስተካከለ ገመዱ የሚነቀል ከሆነ የግራና የቀኙን መሰኪያ አቀያይሩ። ድክመቱ ወደ ሌላኛው ጎን ከዞረ ችግሩ ገመዱ ወይም ስልኩ ጋ ነው። ባለበት ከቀረ ኤርፎኑን ወይም ጆሮውን ጠርጥሩ። ቀጥሎ ሌላ ኤርፎን አድርጉ፤ ያው ጆሮ አሁንም ካነሰበት ጉዳዩ የኤርፎን አይደለም፣ ኩክ ሊሆን ይችላል። በጥጥ ዘንግ አትቆፍሩት፤ ወደ ውስጥ ነው የሚገፋው። የጆሮ ሐኪም ያየው።

ኤርፎኑ ራሱ ከሆነ አንገቱ ጫፍ ላይ ያለችውን ወንፊት በብርሃን እዩ። ኩክ ከደፈናት አፏን ወደ ታች ደፍታችሁ በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ፤ ወደ ላይ ቀና ካለች ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይገባል። ፈሳሽ አታንጠባጥቡባት።

ብዙ ሰው የማያስተውላት ሌላ ነገር አለች፦ የአየር መተንፈሻ ቀዳዳ። ቤዝ የሚበዛባቸው ኤርፎኖች ብዙዎቹ አካላቸው ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሏቸው። ወደ ጆሮ የዞረችው፣ ከስፒከሩ ፊት ያለችው ቀዳዳ በጆሮ ሥጋ ከተሸፈነች በዚያ በኩል ቤዙ ያብጣል፣ ጆሮም ይታፈናል። ከስፒከሩ ጀርባ ያለችው ከተደፈነች ደግሞ በተቃራኒው ቤዙ ይቀንሳል። ትራስ ላይ በጎን ተኝቶ የሚያዳምጥ ሰው ድምፁ የሚለዋወጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ኤርፎኑን ትንሽ አዙሩት፣ ወይም ከጆሮው ራቅ የሚያደርገው ረዘም ያለ ጎማ አልብሱት።

ቤዙ ድምፃዊውን ዋጠው

ቤዝ ሁሉ አንድ አይደለም። ከ60 ኸርዝ በታች ያለው ከመሰማት ይልቅ የሚነዝር ነው። ከዚያ በላይ እስከ 250 ኸርዝ ገደማ ያለው የከበሮው ምትና የቤዝ ጊታሩ ውፍረት ነው፤ የወንድ ድምፅ መሠረትም እዚሁ ውስጥ ይወድቃል። አንድ ኤርፎን ቤዙ በዛ ተብሎ የሚጠላው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በሁለተኛው ክልል ምክንያት ነው። ሁለት ኤርፎኖች እኩል "ቤዛም" ተብለው አንደኛው ጥርት ያለ፣ ሌላኛው ብርድ ልብስ የለበሰ የሚመስለውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የስልኩን ቅንብር ክፈቱ። ቤዝ ቡስት ወይም ዶልቢ የሚባለው የድምፅ ማሳመሪያ ሳታውቁት በርቶ ይሆናል፤ ፋብሪካው አስቀድሞ ቤዝ በጨመረበት ላይ ሌላ መደረብ ነው። አጥፉት። ከዚያም ካልጠራ ኢኳላይዘር (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ የሚያስተካክለው መቆጣጠሪያ) ላይ ከ150 እስከ 250 ኸርዝ ያለውን 3 ዴሲቤል ያህል ዝቅ አድርጉ፤ ከ60 በታች ያለውን አትንኩ። ንዝረቱ ይቀራል፣ ድምፃዊው ይወጣል።

ለመፈተሻ ከበሮና የሰው ድምፅ ብቻ ያለበት መዝሙር ወይም ዘፈን ከማንኛውም ውስብስብ ቅንብር ይበልጣል። ከበሮው መትቶ ያቆማል ወይስ ጅራቱ እስከ ሚቀጥለው ምት ይጎተታል? ቤዝ ክራር ያለበት ቀረጻ ካላችሁ ደግሞ እያንዳንዱን ቃና ለየብቻ መቁጠር ትችሉ እንደሆነ ስሙ። ጉም ጉም ብቻ ከተሰማ ቤዙ በዛ እንጂ ጥሩ ሆነ ማለት አይደለም።

ቤዙ ሲመታ ይሰነጠቃል

ኢኳላይዘሩን አጥፉና ያንኑ ቦታ መልሳችሁ ስሙ። ስንጥቁ ከጠፋ ምክንያቱ ዲጂታል ድምፁ ጣሪያ መንካቱ ነው። ቤዝን 6 ዴሲቤል ከፍ ያደረገ ሰው እዚያው ኢኳላይዘሩ ላይ ፕሪአምፕ የሚለውን የጠቅላላ ድምፅ መቆጣጠሪያ ቢያንስ 6 ዴሲቤል ዝቅ ማድረግ አለበት። ጠቅላላው ድምፅ ይቀንሳል፣ በስልኩ ቮልዩም ታካክሱታላችሁ።

ያለ ኢኳላይዘር፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ በአንድ ጎን ብቻና በተወሰነ ቃና ላይ የሚንዘረዘር ከሆነ ግን በስፒከሩ ስስ ሽፋን ላይ ፀጉር ወይም ቆሻሻ ሊኖር ይችላል፤ ወይ ተጎድቷል። ዋስትና ካለው መልሱት።

ስታስገቡት "ጠቅ" ይላል

እንደ ላስቲክ የሚጨማደድ ድምፅ ከሆነ የተገፋው አየር የስፒከሩን ሽፋን እያጠፈው ነው። ቀስ ብላችሁ፣ ጆሮውን ስባችሁ፣ አፋችሁን ከፍታችሁ አስገቡ። ከዚያ በኋላ አንዱ ጎን ዝም ካለ አውጥታችሁ እንደገና አስገቡት፤ ይመለሳል።

ገመድ ከቀየርኩ ወዲህ ቤዙ ባዶ ሆነ

ባለ ሁለት ፒን ገመድ (0.78 ሚሊሜትር የሚባለው) በአንድ ጎን ተገልብጦ ሲሰካ አንደኛው ስፒከር ሲገፋ ሌላኛው ይስባል። ሁለቱም ጎን ይሠራል፤ ስለዚህ ሰው ብልሽት አለ ብሎ አያስብም። ምልክቱ መሃል መሆን የነበረበት ድምፃዊ የትም አለመኖሩ፣ ቤዙም ጉልበት ማጣቱ ነው። ከአንዱ ጎን መሰኪያውን ነቅላችሁ ግማሽ ዙር አዙሩና መልሳችሁ ሰኩ። ድምፃዊው ወደ መሃል ከመጣ አለቀ። የመሰኪያው ቅርጽ መገልበጥ የማይፈቅድ ከሆነ ገመዱ ሲሠራ ተሳስቷል፤ ይቀየር።

ስራመድ እርምጃዬ ጭንቅላቴ ውስጥ ይመታል

ይህ በደንብ የመዘጋቱ ምልክት ነው። ቦዩ ሲዘጋ በአጥንት የሚመጣው የራስ ድምፅ መውጫ ያጣል። የማይወደው ሰው ለመንገድ ሌላ ኤርፎን ይያዝ፤ መኪና በሚበዛበት መንገድ ላይ ጆሮን መዝጋት በራሱም ጥሩ አይደለም። የገመዱ መፋተግ ድምፅ ብቻ ከሆነ ግን ገመዱን ከጆሮ ጀርባ አዙሩት፣ ከአገጭ ሥር ያለችውን ማጥበቂያ ወደ ላይ ሳቧት።

ስልኬ ላይና ላፕቶፔ ላይ ቤዙ የተለያየ ነው

ትክክል ሰምታችኋል። በውስጣቸው ከአንድ በላይ ስፒከር ያላቸው ኤርፎኖች የኤሌክትሪክ ተቃውሟቸው (በኦም የሚለካው) በሁሉም ቃና እኩል ላይሆን ይችላል። የመሣሪያው የጃክ (የኤርፎን መሰኪያው) ተቃውሞ ከፍ ሲል፣ የኤርፎኑ ተቃውሞ በሚበዛበት ክልል ያለው ድምፅ የበለጠ ድርሻ ያገኛል። በ2023 የወጣው የትሩዝኢር ዜሮ ሬድ ይህንኑ ሆን ብሎ ይጠቀምበታል፦ ሳጥኑ ውስጥ ባለ 10 ኦም አጭር ማገናኛ አለ፣ መሃል ሲገባ ቤዙ ይጨምራል። የጃክ ተቃውሞው ከፍ ያለ ላፕቶፕ ወይም ሚክሰር ሳትጠይቁት ያንኑ ይሠራል። ወጥ ድምፅ የሚፈልግ ሰው ተቃውሞው ከ1 ኦም በታች የሆነ ትንሽ የዩኤስቢ ዶንግል (ኤርፎን የሚሰካበት የድምፅ መለወጫ) በሁለቱም ላይ ይጠቀም።

ድምፁን ስቀንሰው ቤዙ አብሮ ይጠፋል

ጆሮ እንዲህ ነው የተሠራው። ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና መንሰን በ1933 እንዳሳዩት ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ለወፍራሙ ድምፅ የበለጠ ይደነዝዛል። መፍትሄው ቮልዩም መጨመር አይደለም፤ ዝቅ አድርጎ ለሚያዳምጥ ኢኳላይዘር ላይ ከ80 ኸርዝ በታች ጥቂት መጨመር ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ጣሪያ በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ታክሲ ውስጥ የሞተሩን ጩኸት የሚያስቀር ጎማ ያለው ሰው ዝቅ አድርጎ መስማት ይችላል፤ የሚያፈስ ጎማ ያለው ግን ቤዙን ለማግኘት ሲጨምር ትሬብሉም አብሮ ይጮኽበታል።

ሁለቱን አወዳደርኩ፣ ግን ፍርዴ ይለዋወጣል

ቤዛም ኤርፎኖችን ማወዳደር ከባድ የሚሆነው በትንሹ ከፍ ብሎ የተጫወተው ሁልጊዜ የተሻለ ስለሚመስል ነው። ቮልዩሙን በቤዙ አታስተካክሉ፤ ሊፈረድበት የቀረበው ራሱ እሱ ነው። የሰው ድምፅ ብቻውን ያለበትን ቦታ መርጣችሁ ድምፃዊው በሁለቱም እኩል እስኪሰማ አስተካክሉ፤ ከዚያ ወደ ከበሮው እለፉ። አንገታቸው የሚፈቅድ ከሆነ ሁለቱንም አንድ ዓይነት ጎማ አልብሱ። ባወጣችሁና ባስገባችሁ ቁጥር በጣት የመግፋቱን ፍተሻ ድገሙት። ብዙ ሰዓት ካልተጫወተ ቤዙ አይፈታም የሚለውን ወሬ እኔ ብዙም አላምነውም፤ በሳምንቱ የሚለመደው በአመዛኙ ጆሮውና የጎማው አቀማመጥ ይመስለኛል።

ዜሮንና ዜሮ ሬድን በዚህ መንገድ ጎን ለጎን ስታስቀምጡ፣ የመጀመሪያው ከታች ይነዝራል፤ ሬድ ያለ ማገናኛው ረጋ ያለ፣ ድምፃዊውን ሞላ አድርጎ የሚያቀርብ ነው፤ ማገናኛው ሲጨመርበት ወደ ቤዛሙ ወገን ይጠጋል። ሁለቱም ወፍራም አንገት አላቸው፤ ስለዚህ ጠባብ ጆሮ ያለው ሰው ከመግዛቱ በፊት ከጓደኛ ተውሶ፣ ጎማውን ቀይሮ፣ ለአንድ ሙሉ አልበም ያህል ጆሮው ውስጥ ያቆየው።