ከዋሽንግተን ቦሌ ስንት ሰዓት ነው? ውክልና ለሰጣችሁ ሁሉ

ሰሞኑን ይሄን ጥያቄ ያልጠየቀኝ የለም። ርቀቱ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት በቀጥታ በረራ 13 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። መመለሻው ግን 16፣ 17 ሰዓት ይደርሳል። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው። አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ይዞ መነሳት ይከብደዋል፤ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል። ነፋሱም ከፊት ነው። ረቡዕ ጠዋት ከተነሳችሁ ሐሙስ ጠዋት ቦሌ ናችሁ።

ይሄን ርቀት ከእኔ በላይ የሚያውቀው ግን ውክልና የሰጠሁት የአጎቴ ልጅ ነበር።

አብረን ነው ያደግነው። አዲስ አበባ ያለውን ቤቴን እንዲጠብቅልኝ ጠቅላላ ውክልና ሰጠሁት። ጠቅላላ ውክልና ቤት አያሸጥም ሲሉኝ ልቤን ጣልኩ። እስከ 3 ዓመት ማከራየት እንደሚያስችል ማን ልብ ይላል? እሱ "ተከራይ ጠፋ፣ ጣሪያው ያፈሳል" ይላል፤ እኔ የጣሪያ እልካለሁ። ልምጣ ስል "አንተ ደግሞ! ያን ሁሉ ሰዓት ምን አንከራተተህ? እኔ አለሁልህ አይደል?" አንዴ ነግሬው ሄድኩ። አበባ ይዞ ተቀበለኝ። ከዚያ ግብዣ በግብዣ ሆነ። ቤቱን "ነገ እናየዋለን" እንዳለኝ ፈቃዴ አለቀ።

በሁለተኛው ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ከቦሌ በታክሲ በቀጥታ ወደ ቤቴ። አንኳኳሁ። አንዲት ልጅ የጥርስ ብሩሽ አፏ ውስጥ እንዳለ ከፈተች። ግቢው ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ተሰጥቷል። "ማንን ፈልገው ነው?" አለችኝ። ሻንጣዬን ይዤ በገዛ በሬ ላይ መልስ አጣሁ። ጣሪያው፣ በነገራችን ላይ፣ ምንም አልነካውም።

ከገንዘቡ በላይ ያቃጠለኝ የዘመዱ ነገር ነው። "ወንድምህን ፍርድ ቤት ልትገትር ነው?" ተባልኩ። ሽማግሌ ተላከብኝ። ተበዳዩ እኔ፣ ይቅርታ እንዲያደርግ የሚለመነውም እኔ፣ እምቢ ብል ጨካኙም እኔ።

ስለዚህ ልዩ ውክልና ስጡ፤ ለአንድ ሥራ ብቻ። ወረቀቱ በኤምባሲ፣ በውጭ ጉዳይና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ያልፋል፤ መንገዱን ታውቁታላችሁ። ሥራው ሲያልቅ ሻሩት፤ መሻሩንም ተከራዩና ባንኩ ይወቁ። ኪራዩ በራሳችሁ ሂሳብ ይግባ። "እኔ ልቀበልልህ" የሚል ዘመድ ካለ፣ የሥጋ ወንድማችሁም ቢሆን፣ ጠርጥሩ። ይልቅ ከጎረቤት ጋር ተደዋወሉ፤ ጎረቤት መብራት ሲበራ ያያል።

ዓርብ አትድረሱ፤ ቢሮ ሳታገኙ ሁለት ቀን ይበላችኋል። "3 ሰዓት ና" ከተባላችሁም በጠዋት ነው፤ የአሜሪካ ሰዓታችሁን ትታችሁ ውረዱ።

የምትደርሱበትን ቀን አትናገሩ። እኔ አሁን ለእናቴ እንኳን የምደውለው ሻንጣዬን ካወጣሁ በኋላ ነው። እሷ ክፋት የላትም፤ ቡና ላይ ግን አያስችላትም።